መጋዣን ከጉድጓድ ያወጣንበት ቀን

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት አዲስ ላንድክሩዘር ገዝቶ ሊያሳየኝ መተማ ዮሐንስ ድረስ መጣ። በሩን ከፍቶ «ጋሼ፣ ይግቡና ይዩዋት» አለኝ። ጉልበቴን በእጄ ደግፌ ገባሁ። ወንበሯ ይደላል፤ መስታወቷ ሲዘጋ የገበያው ጫጫታ ጸጥ ይላል፤ ቀዝቃዛ ነፋስም ከፊት ለፊት ይመጣል። «ይቺ እኮ ዋልካ ቢሉ ገደል ቢሉ አትፈራም» ይለኛል። ጎማዋን ሳየው ገና ጭቃ አልቀመሰም። «ክረምቱ ይግባና እንነጋገራለን» አልኩት። ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር፤ ግን ልጁ ከጀሪካን ቤንዚን ልጨምር ሲል ጥቂት ፈሰሰና ደጃፌ በተሰጣው ማሽላ ላይ ተንጠባጠበ። ቤንዚንና ማሽላ አንድ ላይ ሲሸቱ እኔ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ከመኪናዋ ወርጄ የነካውን ማሽላ በእፍኜ እየዛቅሁ ከደጃፌ መወርወር ያዝኩ። ልጁ «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። «ምንም አልሆንኩ፤ በል ሂድ» ብዬ ሸኘሁት። እሱ ከሄደ በኋላ ነው ወረቀትና እርሳስ ያነሳሁት።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዘመኑ የጣሊያን ዘመን ነበር፤ ስለ መንግሥቱ የሚያውቁት ይጻፉ፣ እኔ የማውቀው ስለ ጎማ ነው። መተማ ያኔ እንደ ዛሬው በመኪና ወረፋ የተጨናነቀች አልነበረችም። ወዲህ የሣር ክዳን ጎጆ፣ ወዲያ የቆርቆሮ ሱቅ፣ መካከል ላይ አሸዋማ ወንዝ፤ ወንዙን በእግር ከተሻገሩ ገላባት፣ የሱዳን አገር ነው። በገበያው ማዕዘን የአንድ ግሪክ ሱቅ ነበረ። ስኳሩ በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ አቡጀዲው እስከ ጣራ ተከምሮ፣ ደጁ ላይ ግራማፎን ሲጮህ ይውላል። ዘፈኑ የኦምዱርማን ነው፤ ትርጉሙን ያወቅንም ያላወቅንም እናንጎራጉረው ነበር። በአንድ ጠገራ ብር ባርኔጣና የሸራ ጫማ ገዝቼ ለሻይ ተርፎኝ ያውቃል። የጣሊያኑን ወረቀት ግን ባላገር በእጁ አይነካውም፤ «ፍየል የሚበላው ገንዘብ ምን ገንዘብ ነው?» ይል ነበር። እኔ ገዳሪፍ አንድ የሎሪ መካኒክ ዘንድ ሠርቼ፣ መንዳትም ሞተር መፍታትም ተምሬ ስለ መጣሁ፣ በካኪ ቁምጣ ነበር የምጎራደደው። በዚያች ቁምጣ የተነሳ አማቴ አያ ታረቀኝ «ልጄን ሱሪው ላለቀበት ሰው ዳርኩ» እያሉ በየሰርጉ ቤት ያሙኝ ነበር።

ሸሪኬ ኢድሪስ ይባላል። የሰም፣ የሙጫና የቡና ነጋዴ ነው፤ ነጭ ጀለቢያው ላይ የአቧራ ነጠብጣብ አይታይም፣ ጥምጣሙን ሲጠመጥም ገበያው ያልቅበታል። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ እስላም፤ ግን በጾሜም በጾሙም አንዳችን ለአንዳችን የምንበላውን እናስቀምጥ ነበር። መኪናዋን ያገኛት እሱ ነው። መድፍ ስትጎትት የማርሿ ጥርስ ረግፎ የተጣለች ናት። አንድ የመንገድ ሥራ ጣሊያን በውዳቂ ዋጋ ገዝቷት መጠገኑ ቢያቅተው፣ ከቤቱ ጥግ አቁሟት ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ነበር። ኢድሪስ ሰም ሰጠ፣ እኔ ከአባቴ የወረስኳትን በቅሎ ጨመርኩ፤ ጣሊያኑም በቅሎዋን አይቶ ደስ አለው። ከመኪናው በቅሎዋ ትሻላለች ብሎ ይሆናል። የተሰበረውን ማርሽ ገላባት ወስደን አስቀጥቅጠን፣ በሁለት ወር አስነሳናት።

ከመሬት ከፍ ያለች ናት፤ አራቱም እግሯ መሬት ይቧጥጣል፣ ሁለቱ ሲሰምጥ ሁለቱ ይጎትታል። መልኳ አያምርም። ጭነት ተሸክማ ሳትወለግድ ስለምትሄድ ስሟን መጋዣ አልናት፤ እውነትም የጭነት ፈረስ ነበረች። ከመሪው ወደ ፊት ያለው የኢድሪስ፣ ከመሪው ወደ ኋላ ያለው የእኔ ተባብለን ተካፈልናት። እናም ሞተሯ ሲጎዳ «ያንተ ወገን ታሟል» እለዋለሁ፤ ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ እሱ «ያንተው ነው፣ ውረድ» ብሎ ጥላ ስር ይቀመጣል። ራዲያተሯ ሲያንጠባጥብ በሊጥ ደፍነናል። የዋልካ መሬት ሲረጥብ ጎማውን በጠፍር፣ በጥሬ ቆዳ ገመድ፣ ዙሪያውን እናስረዋለን፤ ያ ቆዳ ጭቃውን ሲነክስ መጋዣ የማትወጣው ረግረግ አልነበረም። ከሽንፋ ጥጥ፣ ከቋራ ሙጫና ሰም ጭነን፣ የጓንግን ወንዝ ተሻግረን መተማ እናራግፋለን። አዝማሪዎች እንኳ እንዲህ ብለውላታል፦

ገብስ አላበላናት ገለባ አልሰጠናት፣
ጓንግን ስትሻገር ማን ነው የደገፋት።

የዛሬ ልጆች መኪና ሲገዙ ወረቀቱን ያያሉ። እኛ መኪናችንን እንደ በሬ ነበር የምናውቃት፤ በየትኛው ዳገት እንደምታኮርፍ፣ በየትኛው ወንዝ እንደምትደነብር። ደግሞም እንደ በሬ ስንሳሳላት ነው ጉድ የመጣብን።

ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ሊጣላ ነው የሚል ወሬ በገበያው ነፈሰ። ወዲያው አዋጅ ተነገረ፤ መኪና ያለው ሁሉ ለጦሩ ያስረክብ፣ የደበቀ ወዮለት። የግሪኩ ግራማፎን ያን ቀን ዝም አለ። ኢድሪስ ሲጋራውን አጥፍቶ «ወላሂ አልሰጥም» አለ። እኔም አልተከራከርኩትም፤ እንዲያውም ከእሱ ይልቅ የቸኮልኩ እኔ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን መጋዣን ነድቼ ወደ ሽንፋ በረሃ፣ ወደ አማቴ አገር ወሰድኳት። እዚያ ጫካው የአርበኛ ነው፤ ወታደር በጥቂቱ አይደፍረውም። ቢሆንም ድንገት ቢመጡ ብለን ፈታታናት። ቀፎዋን ከማሽላ አገዳ ክምር ስር ቀበርነው። ጎማዎቿን ከጎጆ ጣራ ስር ሰቀልናቸው። ነፍሷን፣ ማለት ካርቡራተሯን፣ ከሁለት ጣኒካ ቤንዚን ጋር የእህል ጉድጓድ ውስጥ አስገባናት።

ስለ ጉድጓዱ መናገር አለብኝ። በእኛ ቆላ ማሽላ ጎተራ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ነቀዙም አለ፣ የሰደድ እሳቱም አለ። ስለዚህ መሬት ተቆፍሮ፣ ውስጡ ገለባ ተነጥፎ፣ እህሉ ይቀበራል። አፉ አንድ ቀጭን ሰው ብቻ ያሳልፋል፣ ሆዱ ግን ሰፊ ነው። አፉ በጭቃና በእበት ተመርጎ አመድ ይነሰነስበታል፤ ባለቤቱ ካልጠቆመ ማንም አያገኘውም። ያ የታፈነ እህል ግን አየሩን ይመርዘዋል። ጉድጓድ ተከፍቶ ሳይናፈስ የገባ ሰው ሳይጮህ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም ይደገማል። ስለዚህ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አፉ ተከፍቶ ይቆያል፤ ከዚያ ችቦ በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ችቦው ከነደደ ሰው ይገባል፣ ከጠፋ ማንም ድርሽ አይልም። ይህን የቆላ ልጅ ሁሉ ከጥርስ ማብቀል በፊት ያውቀዋል። የአማቴ ጉድጓድ በዚያ ሰሞን ተከፍቶ እህሉ ግማሽ ድረስ ተበልቶ ነበር። ዕቃውን ወርዳ ያስቀመጠችው ባለቤቴ ትርንጎ ናት፤ ቀጭን ስለሆነች። ከጉድጓዱ ውስጥ ሆና «እህላችንን ቤንዚን ልታበሉት ነው!» ብላ ስታጉረመርም፣ እኔና ኢድሪስ በብልሃታችን እንስቅ ነበር። ወዲያው መልሰን መረግነው። ኢድሪስ ወደ መተማ ተመለሰ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣል አድርጎ ዋልካው ማበጥ ጀመረ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ግመል ደጃችን ተንበረከከ። ከግመሉ የወረዱት የኢድሪስ እናት፣ እማ ዘይነብ ናቸው፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ከቤታቸው ወጥተው የማያውቁ ሴት ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረዋል። የተከናነቡት ቶብ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

«እማ ዘይነብ! ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ልጄን ያዙብኝ» አሉኝ። «ሰው ጠቆመበት። የጣሊያኑ ካፒቴን ‹መኪናዋ በአራት እግሯ ሄዳ ትምጣ› አለ። ሦስት ቀን ሰጠ፤ ዛሬ ሦስተኛው ነው። ማታ ባንዲራ ሲወርድ መኪናዋ ተጦር ሰፈሩ በር ላይ ካልቆመች ይረሽኑታል። ኢድሪስ የለኝም ብሎ ምሏል፤ ምንም አልተናገረ። እኔ ነኝ የመጣሁት።»

ከሽንፋ መተማ በደረቅ ጊዜ በመጋዣ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ ዋልካው ከረጠበ ስድስትም ሰባትም ይወስዳል። ቆጠርኩ። ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ካልተነሳሁ ኢድሪስ የለም። ካርቡራተሯና ቤንዚኑ ደግሞ ከታፈነው ጉድጓድ ውስጥ ናቸው።

አያ ታረቀኝ መጥረቢያ ይዘው ወጡና የምርጉን ጭቃ መቱት። አፉ ሲከፈት የኮመጠጠ እህል ሽታ ወጣ፤ ከሱ ጋር ግን ሌላም ሽታ ወጣ። አንደኛዋ ጣኒካ አፏ ላልቶ ኖሮ ከውስጧ ጥቂት ቤንዚን ሲተን ከርሟል። እሳቸው ግን አፍንጫቸው በሱረት የደነዘዘ ሽማግሌ ናቸውና እንደ ልማዳቸው የነደደ ችቦ በገመድ አስረው መጡ። ዘልዬ ከእጃቸው ነጠቅኩና ሩቅ ወርውሬ በእግሬ ረገጥኩት።

«አበድህ እንዴ?» ብለው ጮኹብኝ።

«ቤንዚን ነው! እሳት ተነካው ጉድጓዱም እኛም አንድ ላይ እንነዳለን!»

ያን ጊዜ ነው ብልሃታችን ምን እንደሆነ የገባኝ። ከአባት ከአያት የወረስነው መፈተኛ እሳት ነው፤ እኛ ደግሞ እሳት የማይገባበት ጉድጓድ በገዛ እጃችን ሠራን። አያ ታረቀኝ ጉድጓዱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ። «እንግዲህ በምን ልንፈትነው ነው? በሰው?»

በዶሮ ፈተንነው። አንዲት ዶሮ በቅርጫት አስረው አወረዱና አያ ታረቀኝ «አባታችን ሆይ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገሙ። ሲያወጧት አንገቷ ታጥፏል። ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። ሴቶቹ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ እያወረዱና እየሳቡ ጉድጓዱን ማራገብ ያዙ፤ ሌሎቹ ጋቢ ያናፍሳሉ። እኔና ወንዶቹ አገዳውን አፍርሰን ቀፎዋን ጎተትን። ጎማ ከጣራ ስር ሳወርድ ተርቦች ሰፍረውበት ኖሮ ፊቴን ነደፉኝ፤ ሕመሙ የተሰማኝ ግን በማግስቱ ነው። ብሎን አጠብቃለሁ፣ ፀሐይዋን አያለሁ፤ ብሎን አጠብቃለሁ፣ ፀሐይዋን አያለሁ። እማ ዘይነብ መሬት ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ሰጥተውን ሙስባሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። አንድም ጊዜ ቶሎ በሉ አላሉም። ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

አራቱም ጎማ ገብቶ፣ ጠፍሩም ታስሮ ሲያልቅ ፀሐይዋ ረፍዳለች። ሁለተኛዋ ዶሮ ወረደች። «አባታችን ሆይ» ተደገመ። ስትወጣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ናት፤ ግን ዓይኗ ተከፍቷል።

አያ ታረቀኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገና ነው። እስተ ነገ ጠዋት አፉ ተከፍቶ ይደር።»

«ነገ ጠዋት ኢድሪስ ይቀበራል» አልኩና ሸሚዜን ማውለቅ ጀመርኩ። ዘወር ስል ትርንጎ ገመዱን ከብብቷ ስር አስራ ጨርሳለች። ነጠላዋን ውሃ ነክራ አፍንጫዋ ላይ እየጠመጠመች ነው።

«ፍቺው» አልኳት።

«አልፈታም። ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ የት እንዳለ ሳልዳብስ አውቀዋለሁ።»

«ትርንጎ!»

«ስማኝ። አንተ እዚያ ብትወድቅ መኪናዋን ማን ሊነዳት ነው? አባየ? እኔ ብወድቅ ግን አንተ ትነዳለህ።» እንዲህ ስትል ድምጿ የገበያ ዋጋ እንደምትናገር ነበር። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ እስከ ዛሬ ስህተት አላገኘሁበትም። «ደሞ ምንም ብሆን ይዘህ ሂድ። ማልልኝ።»

እማ ዘይነብ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩን። «በማርያም» አልኩ። ማልኩላት።

ወረደች። ከላይ ሆነን ሁለት ገመድ ይዘናል፤ አንዱ እሷ የታሰረችበት፣ ሁለተኛው ለዕቃው። አያ ታረቀኝ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎቱን እየደገሙ መሆኑን አወቅሁ። የዕቃው ገመድ ተነቀነቀ፤ ሳብኩት፤ በጨርቅ የተጠቀለለችው ካርቡራተር ወጣች። መልሼ ጣልኩት። እንደገና ተነቀነቀ፤ ከባድ ነው፤ አንደኛዋ ጣኒካ ወጣች፣ ሙሉ።

«በቃ፣ ትውጣ!» አሉ አያ ታረቀኝ።

ነገር ግን የሾፌር ክፉ አመል አለብኝ። ነዳጅ አልቆበት በረሃ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። አንዷ ጣኒካ ባታደርሰኝስ? ዋልካው ቢይዘኝስ? «ሁለተኛዋንም!» ብዬ ወደ ጉድጓዱ ጮኽኩ። «ትርንጎ፣ ሁለተኛዋንም እሰሪያት!»

ገመዱ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በደካማው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተነቀነቀ። ጣኒካዋን ሳብናት። የእሷን ገመድ ስንስብ ግን የምንስበው እንደ ጆንያ ነበር። የጉድጓዱ አፍ ላይ ትከሻዋ ተያዘ፤ አያ ታረቀኝ በሆዳቸው ተኝተው እጃቸውን አስገብተው አዞሯት። ስናስተኛት ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ነጩ ይታያል። ሴቶቹ ውሃ ረጩባት፣ አንዷ ደረቷን ታሻለች። «ትርንጎ» አልኳት። «ትርንጎ፣ እኔ ነኝ።» መልስ የለም። ጆሮዬን አፏ ላይ ሳደርግ የሆነ ነገር ሰማሁ፤ እስትንፋስ ይሁን የእኔ ደም ይሁን አልለየሁትም።

አያ ታረቀኝ ከትከሻዬ ያዙና አነሱኝ። «እስትንፋስ አላት። ሂድ እንግዲህ፤ ምለህላታል አይደል?»

ካርቡራተሯን እንዴት እንደ ገጠምኳት አላስታውስም። እማ ዘይነብን ደግፈው አጠገቤ አስቀመጧቸው፤ መጋዣ በሁለተኛው ዘወርታ ተነሳች። ወደ ኋላ አላየሁም። ባይ እወርድ ነበር።

ያን መንገድ ዛሬ የትራክተርና የሰሊጥ ጭነት ካሚዮን ይሄድበታል፤ እኔም አልፎ አልፎ በሰው መኪና አልፌበታለሁ። ያኔ ግን መንገድ የሚባል የለም። የራስህን የትናንት ዱካ ከረገጥህ ትሰምጣለህ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ያልተነካ ሣር እየፈለግህ ነው የምትነዳው። ግማሽ ያህል እንደ ሄድን ሰማዩ ተደፋ። ዋልካው ጠፍሩን እየበላ መጋዣ ታቃስታለች፤ ጭቃው ከጎማው ላይ እንደ እንቅብ እየተቆለለ ይወድቃል። ሁለት ጊዜ ወርጄ በእጄ ጠርጌያለሁ። ስወርድ ስወጣ አፌ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመላለሰው፤ ለምን ሁለተኛዋን? ለምን ሁለተኛዋን?

እማ ዘይነብ መንገዱን ሙሉ ሙስባሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። የሆነ ቦታ ላይ፣ ጓንግ ከሩቅ ሲጮህ መሰማት ሲጀምር፣ እጃቸውን ከመሪው ላይ ባለው እጄ ላይ አኖሩ።

«ልጄ» አሉኝ። «ልመለስ ካልህ ተመለስ። እኔ አልረግምህም። አላህ ምስክሬ ነው።»

መኪናዋን አቆምኩ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ዝናቡ ይወርዳል። ፊታቸውን አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ልጇ ሊረሸንባት ጥቂት ሰዓት የቀራት እናት ይህን ተናገረች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ቸርነት አላጋጠመኝም። ይረግሙኛል ብሎ የፈራ ሰው ሰበብ አለው፤ እሳቸው ግን ያን ሰበብ ወሰዱብኝ። ምርጫው የእኔ ብቻ ሆነ። ማርሽ አስገባሁና ወደ ጓንግ ነዳሁ።

ወንዙ ገና አልሞላም፤ ውሃው እስከ ወለሉ ደረሰ እንጂ ሞተሩን አልነካም። ወዲያ ማዶ ስንወጣ መጋዣን እንደ ሰው «አይዞሽ» እያልኳት አለቅስ ነበር። መተማ ስንደርስ ጀምበር አንድ ጦር ያህል ቀርታለች። ሰፈሩ በር ላይ ስቆም ወታደሮቹ ባንዲራው ስር ተሰልፈው መለከት የሚነፋው ሰው አፉን እያበሰ ነው።

ካፒቴኑ ወጣ። ኮፍያውን አስተካክሎ መጋዣን ዞራት፤ ጎማዋን በጫማው መታ፣ ጠፍሩን በዱላው ነካ ነካ አደረገ። በእንዲህ ያለ ጭቃ መምጣቷን አይቶ «ብራቮ» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመኪናዋ። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረ። «ሰውየውን ውሰዱት ብሏል» አለኝ አስተርጓሚው። በቃ፣ ይኸው ነው። የሦስት ቀን ሞት በአንድ ቃል አለቀ። አንድ ወታደር ከኋላ ወጥቶ ዕቃ ሲያራግፍ ሁለተኛዋን ጣኒካ አነሳት። እንዳለች ናት፤ በመንገድ አልነካናትም። አንደኛዋ ብቻዋን አድርሳናለች። ወታደሩ ከባድ መሆኗን አይቶ ደስ ብሎት ወሰዳት።

ኢድሪስን አወጡት። ጀለቢያው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሽሾ አየሁት። እናቱን አቅፎ ቆየና እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ መጋዣን አያት።

«ሰጠሃቸው?» አለኝ። «ወላሂ አትስጥ ብዬ ልልክብህ ነበር።»

እናቱ ጀለቢያውን ይዘው ጎተቱትና በአረብኛ የትርንጎን ነገር ነገሩት። ፊቱ ተለወጠ። ጥምጣሙን ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣለውና «ግመል የት እናገኛለን?» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ሽንፋ ድረስ ስለ መኪና አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስንመለስ ጓንግ ሞልቶ አንድ ቀን ሙሉ ዳሩ ላይ ቆየን። ኢድሪስ ውሃውን እያየ ተቀምጧል። እኔ ለመጸለይ ስሞክር የሚመጣልኝ አያ ታረቀኝ በዶሮዋ ላይ የደገሙት ነው፣ ተውኩት። ሞታ ከሆነ ቀብሯ አልፏል፤ በእኛ ቆላ ሙቀት ሬሳ አይቆይም። ይህን አስቤ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ያስባል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንደሩ ሲታየን ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወንድም ሴትም፣ ብዙ ሰው። ከግመሉ ወረድኩ፤ ግን ወደ ፊት አልሄድኩም። ኢድሪስ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ።

ለቅሶ ግን አይሰማም። ቀረብን። ሰው ሁሉ ቅርጫትና ጆንያ ይዞ ተሰልፏል። የተከፈተ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ካልተራገፈ ይበላሻል፤ አያ ታረቀኝ እህሉ ቤንዚን ቢሸትም ለጎረቤት እያከፋፈሉት ነው። አንዱ «ይህን የበላ ሰው ሳይጎትቱት ይሄዳል» እያለ ያስቃቸዋል። ከመካከላቸው፣ ማሽላው ክምር አጠገብ፣ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጠምጥማ ቁና የያዘችው ትርንጎ ናት። ከንፈሯ እንደ ቆሰለ ነው። ድምፅዋ ጎርንኗል።

ቀና ብላ አየችን። መጀመሪያ ያየችው ኢድሪስን ነው። «ደህና ነህ?» አለችው። ኢድሪስ መሬት ወድቆ ጉልበቷን ሊስም ሲል በትከሻው ይዛ አነሳችው፤ «ተው፣ ሰው ይስቅብናል» አለችው። ከዚያ ለእኔ ቦታ ሰጥቶ ፈቀቅ አለ።

መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ለቀብር ነበር። «ሂድ ብለሽኝ...» አልኩ። «አስምለሽኝ ነበርኮ።»

ቁናውን ሞላች፣ በእጇ ከላይ ጠረገችና ወደ አንዲት ሴት ቅርጫት ገለበጠችው። ገና መሙላቷን ሳታቆም፣ እኔን ሳታየኝ መለሰች።

«ሂድ ብየህማ ነበር። ትሄዳለህ ብየ ግን አልነበረም።»

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት አብረን ኖርን፤ ልጆች ወለድን፣ ሌላም መኪና ገዛን፤ ቃሉን ደግማ አላነሳችብኝም። ያን ቀን ግን ቁናውን ከእጇ ተቀበልኩና ሰልፉ እስኪያልቅ ማሽላ ስሰፍር ዋልኩ።